ስለ ዘማች ጉንዳንና ስለ ተከታዮቹ ወፎች

ጉንዳን በአካሉ እጅግ ታናሽ ሲሆን በሰው ተረትና ምሳሌ ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ ይዟል። በመጽሐፈ ምሳሌ የታካች ሰው መምህር ሆኖ ተጠቅሷል፤ በኤዞፕ ስም የሚነገረውም ተረት ስንቁን አስቀድሞ የሚያከማች ብልህ አድርጎ ያሳየዋል። ይሁን እንጂ ጎተራ የሌለው፥ በአንድ ስፍራም ጸንቶ የማይኖር ሌላ የጉንዳን ወገን አለ፤ እርሱም ዘማች ጉንዳን ሊባል ይገባዋል።

ይህ ጉንዳን በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ዝናባም ደኖች ይኖራል። ስለ እርሱ የተነገረው ተረት የሚያስፈራ ነው። ካርል ስቴፈንሰን የተባለ ደራሲ የጻፈውና በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ የታተመው ታሪክ፥ የጉንዳን ሠራዊት በብራዚል አገር አንድ እርሻ ሲከብብ፥ ሕያው ፍጥረትንም እስከ አጥንቱ ሲበላ ይናገራል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሠራዊቱ ብዛት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቢሆንም፥ ግንባሩ በአንድ ሰዓት የሚራመደው 20 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሰው ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ቢል ያመልጠዋል። የሚያድነውም በረሮን፥ ፌንጣን፥ ሸረሪትን፥ ጊንጥንና የሌሎችን ጉንዳኖች እጭ ነው። ዓይኑ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፥ ከፊቱ የሄዱት የተዉትን ሽታ እየተከተለ ይጓዛል።

የሚዘምተውም በቁጣ አይደለም። ቴዎዶር ሽኔርላ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከ1932 ጀምሮ በፓናማ አገር ሲመረምረው፥ የዘመቻው ምክንያት ልጆቹ እንደ ሆኑ ተረዳ። እጮቹ በሚያድጉበት ጊዜ ብዙ ምግብ ስለሚሹ፥ ሠራዊቱ 15 ቀን ያህል ቀን ቀን ያድናል፥ ሌሊትም ሰፈሩን ይለውጣል። እጮቹ በድር ተሸፍነው መብላት ሲያቆሙ ግን 20 ቀን ያህል በአንድ ስፍራ ይቀመጣል። ሰፈሩም ከአፈር ወይም ከእንጨት የተሠራ አይደለም፤ ጉንዳኖቹ ራሳቸው እግር ለእግር ተያይዘው ግድግዳና ጣራ ይሆናሉ፤ ንግሥቲቱና ልጆቹም በመካከላቸው ይጠበቃሉ።

ከብት በተሰማራበት መስክ ነጭ ወፍ በእግሩ ሥር እየተመላለሰች፥ ደንግጦ የሚነሣውን ፌንጣ እንደምትለቅም የታወቀ ነው። ዘማች ጉንዳንን የሚከተሉ ወፎችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ጉንዳኑን ሊበሉ ሳይሆን ከፊቱ የሚሸሸውን ሊይዙ ይመጣሉ። ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ በአማዞን አገር 11 ዓመት ኖሮ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጉንዳኑን መምጣት ለመንገደኛ አስቀድሞ የሚያስታውቀው የእነዚህ ወፎች ጫጫታ መሆኑን ጽፏል። ከወፎቹም አንዳንዶቹ ማለዳ ወደ ሰፈሩ ሄደው ሠራዊቱ ተነሥቶ እንደ ሆነ ይመለከታሉ፤ ካልተነሣም ሌላ ሰፈር ይፈልጋሉ። ለጉንዳኑ ግን የሚከፍሉት ዋጋ የለም፤ እንዲያውም ከሲሳዩ ይቀንሱበታል። በአፍሪካም፥ በኬንያ አገር በካካሜጋ ደን፥ የዚያን አገር ዘማች ጉንዳን የሚከተሉ ወፎች ይገኛሉ።

በሌላው ዘመቻ የሚኖር ፍጥረት ግን ኑሮው አደጋ አለበት። በ1914 ለተከፈተው ለፓናማ ቦይ የቻግሬስ ወንዝ በተገደበ ጊዜ፥ ውኃው ሐይቅ ሆኖ ባሮ ኮሎራዶ የተባለውን ኮረብታ ደሴት አደረገው። ከ1923 ጀምሮም ደሴቱ እንዳይነካ ተጠበቀ። በዚያ ጀርባው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጌጠ፥ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ፥ ጉንዳኑን በመከተል የሚኖር አንድ ወፍ ነበረ። በ1960ዎቹ ኤድዊን ዊሊስ የተባለ መርማሪ ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን አስተዋለ፤ በኋላም ወፉ ከደሴቱ ፈጽሞ ጠፋ። ጉንዳኑ ግን አልጠፋም፥ ደኑም ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂቶቹ ሲሞቱ ከማዶ መጥቶ የሚተካቸው አልተገኘም። በዚያው ሐይቅ ተደርጎ በ2008 በታተመ ምርመራ፥ ከደን ወፎች አንዳንዶቹ 100 ሜትር ስፋት ያለውን ውኃ እንኳ በርረው መሻገር እንዳልቻሉ ታይቷል።

እንግዲህ ተረት ጉንዳንን አንድ ጊዜ መምህር፥ አንድ ጊዜ ጠላት አደረገው፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ለሰው የሚሆነውን ብቻ ተመለከተ። በደን ውስጥ ያው አንድ ሠራዊት ለሚሸሸው ጥፋት፥ ለሚከተለው ማዕድ፥ ለእጮቹም ሞግዚት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ደንን ለመመንጠር ምሳር ሲያነሣ፥ ወይም በመካከሉ መንገድና ውኃ ሊያሳልፍ ሲያስብ፥ በዚያ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ ይጠይቅ። ዛፉ ሳይቆረጥ እንኳ መተላለፊያው ቢዘጋ፥ ከእንግዶቹ አንዱ ድምፁን ሳያሰማ ከማዕዱ ሊጠፋ ይችላልና።