በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት የምትሞተው «ሕያው ድንጋይ»

እ.ኤ.አ. በ1811 እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊልያም በርቸል በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪስካ አካባቢ፣ ቅርጹ ለየት ያለ ጠጠር መስሎት አንድ ነገር ከመሬት አነሣ። ያነሣው ግን ተክል ነበር። ይህች ተክል ዛሬ ሊቶፕስ ትባላለች፤ ስሟ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ድንጋይ መሳይ» እንደ ማለት ነው። አሁን በልዩ ልዩ አገሮች በመስኮት ዳር ትታያለች፤ በአብዛኛው የምትሞተው ግን በጥማት ሳይሆን ከመጠን በላይ በሚጠጣት ውኃ ነው።

ሊቶፕስ ከመሬት በላይ የሚታዩት ሁለት ወፍራም ቅጠሎቿ ብቻ ናቸው። እነዚህም የውኃ ጎተራዎቿ ናቸው። በትውልድ ምድሯ የቅጠሎቹ አብዛኛው ክፍል ከአፈር በታች ስለሚቀበር፣ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከአናታቸው ባለው አሳላፊ ገጽ በኩል ነው። ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎቿንም የምትከፍተው በተለይ ሌሊት በመሆኑ፣ ውኃዋ በቀን ሐሩር በትነት አይባክንም።

በየዓመቱ በሁለቱ ቅጠሎች መካከል አዲስ ጥንድ ይበቅላል። አዲሶቹ የአሮጌዎቹን ውኃ እየመጠጡ ያድጋሉ፤ አሮጌዎቹም እንደ ወረቀት ሳስተው ይደርቃሉ። በዚህ ወቅት ውኃ ከተጨመረ አሮጌዎቹ ሳይደርቁ ይቆያሉ፤ አዲሶቹን ያፍናሉ፤ ሥሩም ሊበሰብስ ይችላል።

ስለዚህ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ዋናው የማጠጫ ጊዜ አበባዋ የሚፈነዳበት መጸው ነው። በክረምቱ ቅዝቃዜ ማጠጣት ይቆማል፤ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ፈጽመው ሲደርቁ በጸደይ እንደገና ይጀመራል። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ብርቱ የበጋ ሙቀት ተክሏ ስለምታርፍ ውኃው በእጅጉ ይቀነሳል። አፈሩ እስከ ታች ከራሰ በኋላ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ ዳግመኛ አይጠጣም። ሥሯ ወደ ታች ስለሚረዝም ጠለቅ ያለ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የአበባ ማሰሮ ያስፈልጋታል፤ አፈሩም ጠጠርና ሻካራ አሸዋ የበዛበት ይሁን። በቀን ለጥቂት ሰዓታት ቀጥተኛ ፀሐይ ማግኘትም ይኖርባታል።

ከአያያዙ ባልተናነሰ ምንጩ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኮኖፊተም የሚባሉት የሊቶፕስ የቅርብ ዘመዶች ከደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር ለሕገ ወጥ ገበያ በብዛት እየተነቀሉ ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት በጸጥታ ኃይሎች ተይዘዋል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከጥቂት ኮረብታዎች በቀር ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ሊቶፕስም ሆነች ዘመዶቿ ከዘር ይራባሉ፤ ከዘር የበቀለች ሊቶፕስ ለማበብ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ተክሉ በችግኝ ጣቢያ ከዘር የበቀለ መሆኑን መጠየቅ ይገባዋል።