በባዶ እጅ መቅረብ፦ የሊዝዩዋ ቴሬዛና የጸጋ ትምህርት

ወንጌላዊ ክርስቲያን የካቶሊክ ቅዱሳንን ሕይወት ለምን ያጠናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ክርስቶስ እንደ ሆነ እናምናለን (1ጢሞ. 2፥5)፤ ስለዚህ ቅዱሳንን በአማላጅነት አንጠራም። ሆኖም ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ስለ ጸጋ የመሰከረውን በቅንነት መስማት የራሳችንን ትምህርት በምን ያህል ጥልቀት እንደምንኖረው ያሳየናል።

ቴሬዛ ማርታን እ.ኤ.አ. በ1873 በፈረንሳይ፣ በአላንሶን ከተማ ተወለደች። በአራት ዓመቷ እናቷን አጣች፤ ቤተሰቡም ወደ ሊዝዩ ተዛወረ። በ1888፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ ሁለት ታላላቅ እኅቶቿ ቀድመው ወደ ገቡበት የቀርሜሎስ ገዳም ገባች። በ1897 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 24 ዓመቷ ነበር። ከገዳሙ ውጭ የሚያውቃት ጥቂት ነበር። በታዘዘችው መሠረት የጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ግን በ1898 ታትሞ በብዙ አገሮች ተነበበ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1925 ቅድስት ብላ ሰየመቻት፤ በ1997 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መምህራን ተርታ አስቀመጠቻት።

ትምህርቷ «ትንሿ መንገድ» በመባል ይታወቃል። ቴሬዛ ራሷን ከታላላቅ ቅዱሳን ጋር ስታስተያይ እነርሱ እንደ ተራራ፣ እርሷ እንደ አሸዋ ቅንጣት ሆነው ታዩአት። የፍጽምናን ደረጃ በእግሯ መውጣት እንደማትችል ተረዳች። በዘመኗ በሀብታሞች ቤት አሳንሰር መግባት ጀምሮ ነበርና፣ ወደ ላይ የሚያነሳት አሳንሰር የኢየሱስ ክንዶች እንደ ሆኑ ጻፈች። ይህ ግን ለስንፍና ምክንያት አልሆናትም። ልብስ ሲታጠብ አንዲት መነኩሲት ቆሻሻ ውሃ ፊቷ ላይ ስትረጭባት ፊቷን ከማዞር ይልቅ በዝምታ ታገሠች። ፍቅርን የተለማመደችው በእንዲህ ያለ ማንም በማያየው ነገር ነው።

በ1895 የጻፈችው የራስን አሳልፎ የመስጠት ጸሎት ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። በሕይወቷ ማታ በእግዚአብሔር ፊት በባዶ እጅ እንደምትቆም፣ ሥራዋን እንዲቆጥርላት እንደማትለምን፣ ጽድቃችን ሁሉ በፊቱ እድፍ እንዳለበት፣ ስለዚህም የእርሱን ጽድቅ መልበስ እንደምትፈልግ ትናገራለች። በባህላችን ባዶ እጅን ሰው ቤት መሄድ ያሳፍራል፤ እርሷ ግን ወደ ንጉሥ ቤት እንዲሁ ለመግባት ደፈረች።

ይሁን እንጂ ቴሬዛን ፕሮቴስታንት ለማድረግ አንቸኩል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህንኑ ጸሎት የሚጠቅሰው ስለ ትሩፋት በሚያስተምርበት ክፍል ነው (ቁ. 2011)። በዚያ ትምህርት መሠረት የሰው ትሩፋት ራሱ ከጸጋ የሚመነጭ ስጦታ ነው። ተሐድሶአውያን ግን መልካም ሥራ የጽድቅ ፍሬ እንጂ በእግዚአብሔር ፊት የምንቆምበት መሠረት ሊሆን እንደማይችል፣ የምንቆመውም በእምነት በሚቆጠርልን በክርስቶስ ጽድቅ ብቻ እንደ ሆነ አስተማሩ (ሮሜ 4፥4–5)። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ መሸፈንም አይገባውም።

የመጨረሻዎቹ ወራቷም ሌላ ጥያቄ ያነሡብናል። በ1896 የትንሣኤ ሰሞን በሽታዋ ከተገለጠ በኋላ ስለ መንግሥተ ሰማያት የነበራት ደስታ ጠፋ፤ ከሞት በኋላ ምንም የለም የሚል ጨለማ ከበባት። በዚያ ጊዜ የሃይማኖት መግለጫውን በደሟ ጽፋ ይዛ ትዞር ነበር። ስሜቷ ዝም ሲል ኑዛዜዋን አልተወችም።

እኛስ? በአንደበታችን «በጸጋ ብቻ» እንላለን፤ ነገር ግን የጾምንባቸውን ቀናት፣ ያገለገልንባቸውን ዓመታትና በአምልኮ ያፈሰስነውን እንባ በልባችን የምንቆጥርበት ጊዜ አለ። ስሜቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድነታችንን እንጠራጠራለን። በጉባኤዎ ውስጥ መዘመር ያቃተው፣ ጸሎቱ የደረቀበት ምእመን ካለ «እምነትህ የት ሄደ?» ብለው አይጀምሩ። የዳነው እጁ ሙሉ ስለ ነበር እንዳልሆነ (ኤፌ. 2፥8–9)፣ አሁንም የሚጠበቀው በያዘው ሳይሆን በያዘው ጌታ እንደ ሆነ ያስታውሱት።