ስትረስ፦ ከብረት ወደ ሰው የተሻገረ ቃል

በፈተና ሰሞን በግቢያችን ደጋግመን ከምንሰማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ስትረስ» ነው። ተማሪው «ስትረስ አለብኝ» ይላል፤ መምህሩም «ስትረስ በዛብን» ይላል። ቃሉ የዛሬውን ትርጉም ከመያዙ በፊት በፊዚክስ ደጅ ማለፉን ልብ የምንል ግን ጥቂቶች ነን።

ሥሩ «አጥብቆ ማሰር» የሚል የላቲን ግሥ ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መከራንና ችግርን ይገልጽ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንደ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን ያሉ ሊቃውንት «ስትረስ»ን ለኃይሉ፣ «ስትሬን»ን ደግሞ ኃይሉ በአካሉ ላይ ለሚያስከትለው የቅርጽ ለውጥ መደቡ።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሜትር በሚረዝምና የ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የአረብ ብረት ዘንግ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም ብናንጠለጥል፣ ስትረሱ 98 ሚሊዮን ፓስካል ገደማ ይሆናል። ዘንጉ የሚረዝመው ግን በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ ሸክሙ፣ ሁለተኛው ስለ ተሸካሚው ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1936 በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ፣ በብርድም ሆነ በመርዝ የተጎዱ አይጦች አካል ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት አስታወቀ። ኋላም ይህን የአካል ምላሽ «ስትረስ» አለው። በፊዚክስ ቋንቋ ግን ትክክለኛው ስም «ስትሬን» በሆነ ነበር፤ ይህንንም ሴልዬ ራሱ በኋለኛ ዘመኑ አምኗል። ስለዚህም ለምክንያቱ «ስትረሰር» የሚል ሌላ ቃል ማበጀት ግድ ሆነበት።

የእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱን አይቀላቅልም። «ሥራ ወጥሮ ይዞኛል» ስንል እንደ ከበሮ ቆዳ የወጠረንን እንጠቁማለን፤ «ጨነቀኝ» ስንል የውስጣችንን እንገልጻለን። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ መፍትሔው ይለያያልና። ሸክሙ ከልክ ያለፈበትን ተማሪ «በርታ» ማለት አይበጀውም፤ ሸክሙ ቀላል ሆኖ ሳለ የተጨነቀውንም የቤት ሥራ መቀነስ ብቻውን አያድነውም። እንግዲህ «ስትረስ አለብኝ» የሚል ወጣት ወደ ቢሯችን ሲመጣ አስቀድመን «ምን ወጠረህ?» ቀጥለንም «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለን ልንጠይቀው ይገባል።

ስትረስ ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፤ ስፋቱ ሲጨምር ስትረሱ ይቀንሳል። አባቶቻችን ይህን ያለ ቀመር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው አስቀምጠውታል።