«ሃርድ» ወይስ «ሃርድሊ»? በእንግሊዝኛ የሥራ ጽሑፎች ቅጽልንና ተውሳከ ግስን ለይቶ ስለ መጠቀም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር የሚደረግ የደብዳቤ ልውውጥ፣ የዓለም አቀፍ ጨረታ ሰነድ፣ የፕሮጀክት አፈጻጸም ሪፖርት እንዲሁም ዜጎች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የሚይዙት የሥራ ልምድ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። በእነዚህ ጽሑፎች ከሚያጋጥሙ ስህተቶች አንዱ ቅጽልን በተውሳከ ግስ ቦታ፣ ተውሳከ ግስን በቅጽል ቦታ መጠቀም ነው። ስህተቱ ቀላል ቢመስልም አንዳንድ ጊዜ የጽሑፉን ትርጉም እስከ መገልበጥ ይደርሳል።

ለአብነት ያህል፣ አንድ የሥራ ኃላፊ ለአንዲት ትጉህ ሠራተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጽፍ «ጠንክራ ሠርታለች» ለማለት አስቦ «ሺ ሃርድሊ ወርክድ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው «እምብዛም አልሠራችም» የሚለውን ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «ሺ ወርክድ ሃርድ» ነበር። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበትና ተፈርሞ ባሕር ማዶ ከተሻገረ በኋላ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ የሚያስረዳ ሰው በቦታው አይኖርም። የሚጎዳውም ስህተቱን የፈጸመው ሳይሆን ማስረጃውን የያዘው ሰው ነው።

የስህተቱ መነሻ

ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው። ተውሳከ ግስ ደግሞ ግስን፣ ቅጽልን ወይም ሌላ ተውሳከ ግስን ይገልጻል። ልዩነቱ በአማርኛም አለ። «ፈጣን መኪና» ስንል «ፈጣን» መኪናውን ይገልጻል፤ «በፍጥነት ነዳ» ስንል ግን የተገለጸው አነዳዱ ነው። ሆኖም አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚገልጽበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። «በጥንቃቄ ጻፈ» እንላለን፤ «ተጠንቅቆ ጻፈ» እንላለን፤ «ጥሩ ሠራተኛ» ባልንበት ቃል ሳንለውጠው «ጥሩ ሠራ» እንላለን። ይህን ልማድ እንደያዘ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ጸሐፊ «ሂ ወርክድ ጉድ» ብሎ ይጽፋል። በመደበኛው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን «ጉድ» ስምን፣ «ዌል» ግስን ስለሚገልጹ ትክክለኛው «ሂ ወርክድ ዌል» ነው።

መሠረታዊው ደንብ

አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሶች የሚመሠረቱት በቅጽሉ መጨረሻ «ሊ» የሚል ድምፅ ያለው ቅጥያ በማከል ነው። «ኬርፉል» ማለት ጥንቁቅ ሲሆን «ኬርፉሊ» በጥንቃቄ ማለት ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ በቅድሚያ የሚገለጸውን ቃል መለየት ይገባል። ገለጻው «ምን ዓይነት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ወደ ስም የሚያመለክት ከሆነ ቅጽል ያስፈልጋል። «እንዴት?» ወይም «ምን ያህል?» ለሚለው መልስ ሆኖ ወደ ግስ ወይም ወደ ሌላ ቅጽል የሚያመለክት ከሆነ ተውሳከ ግስ ያስፈልጋል።

ይህ ልዩነት በውልና በጨረታ ሰነድ ላይ የገንዘብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። «ኤ ኮምፕሊት ኒው ሲስተም» የሚለው ሐረግ ሙሉ የሆነ፣ አንዳች ክፍል ያልጎደለው አዲስ ሥርዓት ማለት ነው፤ «ኮምፕሊት» ሥርዓቱን ይገልጻልና። «ኤ ኮምፕሊትሊ ኒው ሲስተም» የሚለው ደግሞ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ሥርዓት ማለት ነው፤ እዚህ «ኮምፕሊትሊ» የሚገልጸው የአዲስነቱን መጠን ነው። ሁለቱም ሰዋስዋዊ ስህተት የለባቸውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ስለ አቅርቦቱ ሙሉነት፣ ሁለተኛው ስለ አዲስነቱ ይናገራሉ። ገዥው አንዱን አስቦ ሌላውን ከጻፈ አቅራቢው በተጻፈው መሠረት ይከራከራል።

ሁኔታን የሚገልጹ ግሶች

ከግስ ቀጥሎ የሚመጣ ገላጭ ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው ብሎ መደምደም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። «ሲም» (መምሰል)፣ «ቢካም» (መሆን)፣ «ፊል» (መሰማት) እና እነዚህን የመሳሰሉ ግሶች ድርጊትን ሳይሆን የባለቤቱን ሁኔታ ሲገልጹ ቅጽል ይከተላቸዋል። «ዘ ፕላን ሉክስ ጉድ» ማለት ዕቅዱ ጥሩ ይመስላል ማለት ነው፤ የተገለጸው ዕቅዱ ስለሆነ ቅጽል ተገቢ ነው። «ዘ ኮሚቲ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ፕላን» ሲባል ግን ኮሚቴው ዕቅዱን በጥንቃቄ ተመለከተ ማለት ስለሆነ ተውሳከ ግስ ያስፈልጋል። ግሱ በሁለቱም አንድ ነው፤ ሥራው ግን የተለያየ ነው። ለመለየት የሚረዳው ቀላል መንገድ በግሱ ቦታ «ኢዝ» የሚለውን (ነው) መተካት ነው። «ዕቅዱ ጥሩ ነው» ማለት ስለሚያስኬድ በመጀመሪያው ቅጽል ይገባል፤ በሁለተኛው ግን እንዲህ ዓይነቱ ምትክ ትርጉም አይሰጥም።

«ዌል» የሚለው ቃል ስለ ጤንነት ሲነገር ቅጽል እንደሚሆንም ማስታወስ ይገባል። «ሺ ኢዝ ዌል» ማለት ጤንነቷ ደኅና ነው ማለት ነው።

ከደንቡ የሚወጡ ቃላት

በጥንታዊ እንግሊዝኛ ብዙ ተውሳከ ግሶች የሚመሠረቱት በቅጽሉ መጨረሻ አንድ አናባቢ በመጨመር ነበር። አናባቢው በጊዜ ብዛት ከአነጋገር ሲጠፋ የአንዳንዶቹ ቅጽልና ተውሳከ ግስ አንድ መልክ ያዘ። «ፋስት» (ፈጣን፣ በፍጥነት) እና «ሃርድ» (ጠንካራ፣ በትጋት) ያለ «ሊ» የሚያገለግሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ «ሊ» ሲታከልባቸው የተለየ ትርጉም ይይዛሉ። ከላይ እንደተመለከተው «ሃርድሊ» እምብዛም ማለት ነው። «ሌት» ዘግይቶ ማለት ሲሆን «ሌትሊ» ሰሞኑን ማለት ነው። አንድ የጨረታ ሰነድ ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ መድረሱን ለመግለጽ «ሌትሊ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ፣ ስለ መዘግየቱ ምንም ሳይናገር ሰነዱ በቅርቡ ቀረበ እንዳለ ይቆጠራል። «ሃይ» ከፍ ብሎ፣ «ሃይሊ» ደግሞ በእጅጉ ማለት ነው።

በተቃራኒው በ«ሊ» የሚያልቁ፣ ነገር ግን ቅጽል የሆኑ ቃላት አሉ። «ፍሬንድሊ» (ወዳጃዊ) እና «ኮስትሊ» (ውድ) ከእነዚህ ይመደባሉ። በመሆኑም በወዳጅነት መንፈስ ተነጋገሩ ለማለት «ፍሬንድሊ»ን ብቻውን ከግስ ጋር ማያያዝ አይገባም፤ «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ማነር» ብሎ መጻፍ ይሻላል። «ዴይሊ»፣ «ዊክሊ» እና «መንዝሊ» ግን በየዕለቱ፣ በየሳምንቱና በየወሩ የሚለውን ለመግለጽ በቅጽልነትም በተውሳከ ግስነትም ያገለግላሉ።

ከመፈረም በፊት

በእንግሊዝኛ የሚወጣ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የሚከተሉትን ማከናወን ስህተትን ይቀንሳል።

1. የጽሑፉን ዋና ሐሳብ በቅድሚያ በአማርኛ ጽፎ መያዝ፤
2. ረቂቁ በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ በኋላ ከእያንዳንዱ ገላጭ ቃል ፊትና ኋላ በመመልከት የሚገልጸውን ቃል ለይቶ ማመልከት፤
3. የሚገለጸው ስም ከሆነ ቅጽል፣ ግስ ወይም ቅጽል ከሆነ ተውሳከ ግስ መግባቱን ማረጋገጥ፤
4. «ሃርድሊ»፣ «ሌትሊ» እና «ሃይሊ» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች መልሶ ወደ አማርኛ በመተርጎም ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር ማመሳከር፤
5. ጽሑፉን ያላዘጋጀ ሌላ ባለሙያ እንዲያነበው ማድረግ።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃ የሚቀበሉ ተገልጋዮችም ሰነዱን ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጡ በጥንቃቄ ማንበብ፣ የሚያጠራጥር ቃል ሲያገኙም እርማት እንዲደረግላቸው መጠየቅ ይገባቸዋል። ያልተፈረመ ረቂቅን ማረም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከአገር የወጣን ማስረጃ ማረም ግን አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ፊርማና እንደገና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ በዚህ መካከል የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ይችላል።