የጥርስ ራጅ በየስንት ጊዜው?

ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ በየቀኑ የሚደገም ንግግር አለ። ሐኪሟ «ራጅ እናንሳዎት» ትላለች፤ ታካሚው «አምና ተነስቼ የለ እንዴ?» ይላል። በማግሥቱ ሌላው ይመጣና ገና ከመቀመጡ «ራጅ ሳታነሱኝ ምኑን መረመራችሁኝ?» ብሎ ይቆጣል። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይፈልጋል፤ እምነታቸው ግን አንድ ነው። ራጅ እንደ መኪና ዘይት ቅያሬ የተቆረጠ ጊዜ ያለው ይመስላቸዋል።

«በየስድስት ወሩ መነሳት ግዴታ ነው»

ስድስት ወር ብዙ ክሊኒኮች ለምርመራና ለጥርስ እጥበት የሚሰጡት ቀጠሮ ነው። ከራጅ ጋር ያቀላቀልነው እኛ ነን። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያ ሐኪሙ አስቀድሞ የታካሚውን ታሪክ እንዲጠይቅና አፉን እንዲያይ ያዛል፤ ቁጥር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሱ ያልተቦረቦረና ለመቦርቦርም እምብዛም ያልተጋለጠ አዋቂ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን የሚያሳየውን ራጅ ከ24 እስከ 36 ወር ባለው ጊዜ አንዴ ቢነሳ ይበቃዋል። ጥርሱ ለሚቦረቦርበት ወይም በጣም ለተጋለጠ አዋቂ ግን ጊዜው ከ6 እስከ 18 ወር ነው። ለተጋለጠ ልጅ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ላልተጋለጠ ልጅ ከ12 እስከ 24 ወር ይላል።

ልጆች ላይ ጊዜው ያጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። የወተት ጥርስ ሽፋን ስስ ስለሆነ ብስባሹ ነርቩ ጋ ቶሎ ይደርሳል። ያም ሆኖ በልጁ መንጋጋ ጥርሶች መካከል ክፍተት ካለና ሐኪሙ ጎናቸውን በዓይኑ ማየት ከቻለ፣ ለዚያ ብቻ ብሎ ራጅ ማንሳት አያስፈልግም።

«የተጋለጠ» የሚባለው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ለስላሳ የሚጠጣ፣ በቅርቡ ጥርሱ ተቦርቡሮ የተሞላለት፣ በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት አፉ የሚደርቅ፣ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና የማይቦርሽ፣ ብሬስ ያሰረ። ስለዚህ አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት እንኳ የራጃቸው ጊዜ ሊለያይ ይችላል።

«ባለፈው ወር ትልቁን ራጅ ተነስቻለሁ፣ ሌላ ለምን?»

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የጥርስ ራጅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚያየውም የማያየውም ነገር አለ።

ባይትዊንግ የሚባለው ትንሽ ፊልም ወይም ዲጂታል ዳሳሽ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ ታካሚው ነክሶ ይዞት የሚነሳ ነው። የኋላ ጥርሶችን የላይና የታች አናት በአንድ ላይ ያሳያል። ዋናው ሥራው ሁለት ጥርሶች የሚነካኩበትን፣ ዓይንም የሐኪሙ መርፌም የማይደርስበትን ቦታ ማሳየት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የወራት ቁጥሮች በሙሉ የዚህ ራጅ ናቸው።

ፔሪአፒካል የሚባለው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጥርስን ከአናት እስከ ሥር ጫፍ፣ በዙሪያው ካለው አጥንት ጋር ያሳያል። ጥርስ ሲያምና ሥሩ መግል ሲይዝ ይፈለጋል። በወር አይቆጠርም፤ ጥርሱ ሲፈልገው ይነሳል። የነርቭ ሕክምና የሚደረግለት ሰው በአንድ ጥርስ ሦስት አራት ጊዜ ቢነሳ ተጭበረበርኩ ማለት የለበትም። አንዱ ከሥራው በፊት፣ አንዱ የሥሩን ርዝመት ለመለካት፣ አንዱ ሙሌቱ ጫፍ መድረሱን ለማየት ነው። በጭፍን የተሞላ ሥር ተመልሶ ያማል።

«ትልቁ ራጅ» የሚባለው ፓኖራሚክ፣ መሣሪያው ጭንቅላትን እየዞረ መላውን መንጋጋ በአንድ ሥዕል የሚያወጣው ነው። ያልበቀለ ጥርስ የት እንደተኛ፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ወዴት እንዳዘመመች፣ አጥንት መሰበሩን ወይም ውስጡ ከረጢት መሳይ እብጠት መኖሩን ያሳያል። ግን ጥርሶቹ በሥዕሉ ላይ ስለሚደራረቡና ጥራቱም ስለሚያንስ፣ በመካከላቸው የጀመረ ቀዳዳ ያመልጠዋል። ባለፈው ወር ፓኖራሚክ የተነሳ ሰው ዛሬ ባይትዊንግ ቢታዘዝለት ሐኪሙ ልክ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ፓኖራሚክን በየዓመቱ በልማድ ማንሳት ግን ምክንያት የለውም፤ ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ሲገጥምዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው የጥርስ ሲቲ፣ ኢምፕላንት ሲተከል ወይም የሚነቀለው ጥርስ ሥር ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ ጋር ሲጠጋ ያስፈልጋል። ለተራ ምርመራ አይታዘዝም።

«ጨረሩ ካንሰር ያመጣል»

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ቫልክሆፍ እ.ኤ.አ. በ1896 የራሱን ጥርስ ራጅ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። የኒው ኦርሊንሱ ኤድመንድ ኬልስ ደግሞ ለዓመታት እጁን ጨረሩ ውስጥ እያስገባ በመሥራቱ በካንሰር ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን አጥቷል። ዛሬ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

በዲጂታል መሣሪያ የሚነሳ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ወደ 5 ማይክሮሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ጨረር አለው። የሰው ልጅ በአማካይ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት ወደ 2,400 ማይክሮሲቨርት ይቀበላል፤ በቀን ከ6 በላይ ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ከቆላ ነዋሪው ይበዛበታል። ፓኖራሚክ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ነው። የጥርስ ሲቲ ግን ከአሥራዎቹ ተነስቶ እንደ መሣሪያውና እንደሚያነሳው ስፋት ብዙ መቶ ሊደርስ ስለሚችል፣ «ያው ራጅ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከማሽኑ መጥፋት በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም። ትንሽ ማለት ግን ዜሮ ማለት ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ራጅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የእርሳስ ሽርጡስ? የአሜሪካው ማኅበር በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሽርጡም የአንገት መከላከያውም ከእንግዲህ አስፈላጊ አይደሉም ብሏል። የአንገቱ መከላከያ አንዳንዴ ሥዕሉን ይሸፍንና እንደገና ያስነሳል፤ የሚከላከለው ጨረሩን በሚፈለገው ቦታ ልክ ማጥበብና ያለ ፍላጎት አለማንሳት ነው። ሕግ የሚያዝበት አገር አሁንም ያለብሳሉ፤ ሽርጡ ስላልተሰጥዎት ግን ተበደልኩ አይበሉ።

«ነፍሰ ጡር አትነሳም»

ጨረሩ የሚያነጣጥረው መንጋጋ ላይ ነው፤ ወደ ማህፀን የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። የአሜሪካ የጽንስና የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅም በእርግዝና ወቅት የጥርስ ራጅ አይከለክልም። ለተራ ክትትል የሚነሳው እስክትወልድ ቢቆይ ችግር የለውም። መግል የያዘ ጥርስ ግን ወራት አይጠብቅም፤ «ጽንሱን እንዳይጎዳ» ተብላ በእብጠትና በትኩሳት የምትሰቃይ እናት ታሳዝነኛለች።

«ካላመመኝ ምን ሊታይ?»

በጥርስ መካከል የሚጀምር መቦርቦር ነርቩ ጋ እስኪቃረብ አያምም። ራጅም ቢሆን ሁሉን አያይም፤ ቀዳዳ ሥዕል ላይ የሚወጣው ጥርሱ ብዙ ማዕድን ካጣ በኋላ ነው። ሽፋኑ ላይ ብቻ ያለ ጅምር ሁልጊዜ መሰርሰር የለበትም። በፍሎራይድ ታግዞ በሚቀጥለው ባይትዊንግ መቆሙ ወይም መስፋቱ ይታያል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ «ኢንሹራንሱ በዓመት አንዴ ስለሚከፍል መነሳት አለብኝ» ይላሉ። ይህ የክፍያ ጣሪያ ነው፤ ኢንሹራንሱ አፍዎን አላየውም።

ሐኪሙ ራጅ ሲያዝ «ምን ፈልገው ነው? ውጤቱስ ሕክምናዬን ይለውጠዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይከፋም። ከመውጣትዎ በፊትም የራጁን ቅጂ በስልክዎ ያስልኩና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ክሊኒክ ሲቀይሩ መጀመሪያ እሱን ያሳዩ፤ ብዙ ሰው ሁለተኛ የሚነሳው የመጀመሪያው ሌላ ቦታ ስለቀረ ብቻ ነው።