ጤፍ በማለዳ ያብባል

በመካነ ሰላም ዙሪያ በመስከረም የጤፍ ዛላ ሲወጣ አበባውን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። አበባዋ እጅግ ትንሽ ናት፤ ንብ የሚጠራ ደማቅ ቀለምም የላትም። ሆኖም ወደ ጎተራ የሚገባው ምርት የሚጀምረው በአበባዋ መሐል ካለው ሴቴ አካል ነው።

ይህ አካል ከታች አንዲት ዕንቁላል የያዘ ማኅፀን፣ ከላይ ደግሞ ላባ የሚመስሉ ሁለት ጫፎች አሉት። የወንዴው ብናኝ ላባው ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ወደ ማኅፀኑ ይወርዳል፤ ከዕንቁላሏም ጋር ይዋሐዳል። ማኅፀኑ አድጎ ሲበስል ፍሬ ይሆናል። በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3000 ያህል ፍሬ ይገኛል፤ እያንዳንዷ ፍሬ አስቀድሞ የአንዲት አበባ ማኅፀን ነበረች።

ጤፍ ከሌላ ተክል ብናኝ አይጠብቅም ማለት ይቻላል፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አርሶ አደሩ ከማሳው ያስቀረው ዘር ዓመት ከዓመት ባሕርዩን የሚጠብቀውም ስለዚህ ነው። ለተመራማሪዎች ግን ይኸው ጠባይ ዕንቅፋት ነበር። ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ስለታመነ፣ ሥራው ከነባሮቹ የተሻለውን ከመምረጥ አላለፈም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የጤፍን ምርምር አካሄድ የለወጠው ግን እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ አበባዋ ብናኟን ሳትለቅ ወንዴ አካሏን ነቅለው የሌላውን ጤፍ ብናኝ በላባዎቹ ላይ ማሳረፍ ቻሉ። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ምርታማው ግን ቀለሙ ያልተወደደው ጤፍ፣ ምርቱ አነስተኛ ከሆነው ከነጩ ማኛ ጋር ተዳቀለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለአርሶ አደሩ የቀረበው ቁንጮ የዚህ ውጤት ነው።

በደጋው የሚዘራው ባቄላ ጠባዩ ይለያል። ራሱን ማዳቀል ቢችልም ንብ ከሌላ ተክል ያመጣችውን ብናኝ በብዛት ይቀበላል። ስለዚህ ጎረቤት ሌላ ዓይነት ባቄላ ከዘራ፣ ለዘር የሚሆነውን ከዳር ሳይሆን ከማሳው መሐል መለየት ይመረጣል። ንብ አበባው ላይ ስታርፍ የሴቴውን ጫፍ ስለምታሻሽ ብናኙ በቀላሉ ይይዛል፤ ባቄላው አብቦ ንብ በሚመላለስበት ሰዓት የተባይ መድኃኒት መርጨት ታዲያ ባለቀፎውን ብቻ ሳይሆን የባቄላውን ባለቤትም ይጎዳል።