የሌሊት ሠራተኛና እንቅልፉ

የኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝበት በመልካ ጀብዱ፥ ንጋት ላይ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች በመንገድ ይገናኛሉ፤ አንደኛው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

የሰው አካል በቀን ሊሠራ፥ በሌሊት ሊያርፍ የተሠራ ነው። ስለዚህ በቀን የሚተኛ ሰው ብርሃኑና የቆላው ሙቀት እየቀሰቀሱት እንቅልፉ አጭርና የተቆራረጠ ይሆንበታል። የጎልማሳ ሰው እንቅልፍ ግን ከ7 ሰዓት ማነስ አይገባውም። ጉድለቱ ለብዙ ጊዜ ሲዘልቅ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያቀርባል፤ አካል በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክማል። ሳይተኛ 17 ሰዓት የቆየ ሰው መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው እጁ ይዘገያል። ጫት የቃመም ድካሙ የተወገደለት ይመስለዋል፤ ሆኖም የእንቅልፉ ዕዳ ለጊዜው ተሰወረ እንጂ አልተከፈለም።

ይህ ዕዳ እስከ ሐኪም ቤት ይከተላል። የደም ግፊት ሕመምተኛ የሌሊት ሠራተኛ መሆኑን ካልተናገረ፥ ሐኪሙ ግፊቱ ያልወረደበትን ምክንያት በሙሉ ሊያውቅ አይችልም፤ የመድኃኒቱንም ሰዓት ከኑሮው ጋራ ሊያስማማለት አይችልም። አካሚውም ቢሆን ሰው ነው። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ተራ የሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞች፥ ተራቸው ካጠረበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት መፈጸማቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የሐኪምና የነርስ ዕረፍት ለሕመምተኛው ጥበቃ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ. ከሥራ እንደ ተመለሱ፥ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋርዶ፥ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል መተኛት።

2ኛ. ከመኝታ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ቡና፥ ሻይና ጫት መተው።

3ኛ. ሙቀት ሸሽቶ በደጅ የሚያድር ሰው አጎበር መዘርጋት፤ የውሃ በርሜልንም መክደን። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በበጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ፥ በውሃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋራ የተያያዘ ነበርና።

4ኛ. በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የተፈቀደውን የሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት በሌላ ሥራ አለማጥፋት።

ቤተ ሰብም የበኩሉን ይርዳ። በቀን የተኛውን ሰው ሰነፍ አይበሉት፤ ለቡና ተብሎም አይቀስቀስ። የቤቱ እንጀራ የተገኘው እርሱ ሌሊቱን በመንቃቱ ነውና፥ ቀኑን በጸጥታ ይመልሱለት።